ምዕራፍ 6፦ ክሪስታሉ በጨለማ ሲመዘን

ከ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በኋላ የእንግሊዝ ኩባንያዎች አህጉራትን በባሕር ሥር የቴሌግራፍ ገመድ ማገናኘት ይዘው ነበር። ገመዱ ከመርከብ እየተፈታ ወደ ውቅያኖስ ሲወርድ አንዲት ስንጥቅ ብታመልጥ፣ ገንዘቡ ባሕር ገባ ማለት ነው። ስለዚህ ገመዱ እየተዘረጋ ሳለ ያለማቋረጥ ይፈተሽ ነበር። በዚህ ሥራ ላይ የነበረው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ዊሎቢ ስሚዝ ለመፈተሻ መሣሪያው አንድ ነገር ቸገረው፦ ኤሌክትሪክን በብርቱ የሚያግድ፣ ነገር ግን ጨርሶ የማይዘጋ ቁስ። የመረጠው ሴሌኒየምን ነው። የሴሌኒየም ዘንጎችን ከፕላቲኒየም ሽቦ ጋር አያይዞ በብርጭቆ ቱቦ ውስጥ አሸጋቸው።

ዘንጎቹ ግን የሚታመኑ አልሆኑም። አንድ ጊዜ የሚሰጡት ልኬት ከሌላ ጊዜው አይገጥምም። ምክንያቱ ሲፈለግ የተገኘው ማንም ያልጠበቀው ነበር፦ ዘንጉ ያለበት ሣጥን ሲከደን ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ኤሌክትሪክን የማገድ ኃይሉ፣ ይጨምራል፤ ክዳኑ ሲነሳ ይቀንሳል። ስሚዝ በፌብሩዋሪ 1873 እንዳሳወቀው (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ክዳኑ ሲነሳ የሴሌኒየሙ አስተላላፊነት እንደ ብርሃኑ ብርታት ከ15 እስከ 100 በመቶ ያድግ ነበር። ሙቀት ያመጣው ነው እንዳይባል ዘንጉን ውሃ ውስጥ አኑሮ ብርሃኑ በውሃው በኩል እንዲያልፍ አደረገ፤ ውጤቱ አልተለወጠም። ከውሃው በላይ የማግኒዚየም ጥብጣብ ሲለኮስ ሬዚስታንሱ ወዲያው ከሁለት ሦስተኛ በላይ ወረደ፤ ነበልባሉ ሲጠፋም ወደ ነበረበት ተመለሰ።

ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ የሚለወጥ ቁስ ባሕርይ ፎቶኮንዳክቲቪቲ ይባላል። ፎቶ ኮፒ ያስነሳ ሰው ሁሉ ተጠቅሞበታል። ቼስተር ካርልሰን በ22 ኦክቶበር 1938 በኒው ዮርክ፣ አስቶሪያ በተባለው ሠፈር የመጀመሪያውን ቅጂ ያወጣው ድኝ በተቀባ የዚንክ ሳህን ነበር። ድኙ በጨለማ ኤሌክትሪካዊ ቻርጅ ተሸክሞ ይቆያል። ብርሃን ያረፈበት ቦታ አስተላላፊ ሆኖ ቻርጁን ይለቃል፤ ጽሑፉ የጋረደው ቦታ ግን እንደያዘ ይቀራል፤ ዱቄቱም እዚያ ላይ ይጣበቃል። በ1959 ይፋ የሆነው ዜሮክስ 914 በድኝ ፋንታ ሴሌኒየም የተቀባ ከበሮ ነበረው። ከዚያ ወዲህ ከበሮው የሚቀባበት ቁስ ተለውጧል፤ አሠራሩ ግን ያው ነው።

ቅጂው የሚነበበው ከበሮው በብርሃን ስለሚያስተላልፍ ብቻ አይደለም፤ በጨለማ ስለማያስተላልፍም ነው። በጨለማም ቻርጁን የሚያፈስ ከበሮ ባዶ ወረቀት ነው የሚያወጣው። ፔሮቭስካይት ስለሚባሉት፣ ቀጥለን ስለምንተዋወቃቸው ከእርሳስ ነፃ ክሪስታሎች የሚነገረውን ብዙ ነገር ለመመዘን ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም። ብርሃን ለአንድ ክሪስታል ምን እንዳደረገለት ለማወቅ፣ ክሪስታሉ በጨለማ ምን እንደነበር ማወቅ ይቀድማል።

ሦስቱ ቁጥሮች

ጢም ብሎ በሞላ ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ማንም ቦታ መቀየር አይችልም። አንድ ሰው ሲወርድ ግን ሁለት ነገር ይሆናል። የወረደው እንደ ልቡ ይሄዳል፤ ትቶት የወረደው ክፍት ቦታም መንቀሳቀስ ይጀምራል። ከጎን ያለው ተሳፋሪ ጠጋ ሲል ክፍቱ ወደ እርሱ ቦታ ይዛወራል፤ ከኋላ ያለው ሲጠጋ ደግሞ ወደ ኋላ ያልፋል። ሴሚኮንዳክተር ውስጥም እንዲሁ ነው። ኤሌክትሮኖች የሚገኙበት የታችኛው የኃይል እርከን ሙሉ ስለሆነ ኤሌክትሪክ አይተላለፍበትም። ከዚያ በላይ ባዶ እርከን አለ። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ኤሌክትሮን ሊያርፍበት የማይችል ነው። አንድ የብርሃን ቅንጣት፣ ማለትም ፎቶን፣ በቂ ኃይል ይዞ ሲመጣ አንዱን ኤሌክትሮን ከታች ወደ ላይ ያሻግረዋል። ላይ የወጣው ኤሌክትሮንም ታች የቀረው ክፍት ቦታም ኤሌክትሪክ መሸከም ይችላሉ።

በቂ የሚባለው ኃይል ስንት ነው? የክፍተቱ ስፋት ይወስነዋል። ስፋቱ በኤሌክትሮን ቮልት ይለካል፤ 1240ን ለዚህ ቁጥር ብናካፍል ክሪስታሉ ሊጠቀምበት የሚችለውን ረጅሙን የብርሃን ሞገድ በናኖሜትር እናገኛለን። የሲሊኮን ክፍተት 1.1 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ስለሆነ፣ ዓይናችን የሚያየውን ብርሃን ሁሉ አልፎ ከቀይ ወዲያ ያለውን እስከ 1100 ናኖሜትር ድረስ ይውጣል። ክፍተቱ 2 ኤሌክትሮን ቮልት የሆነ ክሪስታል ግን 620 ናኖሜትር ላይ ያቆማል። ከዚያ ወዲያ ያለው ደማቅ ቀይ ብርሃን ቢበረታም ቢደክምም ለእርሱ አንድ ነው፤ ሰንጥቆት ያልፋል።

ኤሌክትሮኑን ማሻገር ግን የመጀመሪያው እርምጃ ብቻ ነው። በብርሃን የሚጨመረው አስተላላፊነት ከሦስት ቁጥሮች ብዜት ይወጣል። አንደኛው በሰከንድ ስንት ኤሌክትሮንና ስንት ክፍት ቦታ እንደሚወለዱ ነው። ሁለተኛው ዕድሜያቸው ነው፤ ላይ ያለው ኤሌክትሮን ታች ያለውን ክፍት ቦታ አግኝቶ ሲወድቅበት ሁለቱም ከሒሳብ ይሰረዛሉ። ሦስተኛው ፍጥነታቸው ነው፤ ቮልቴጅ ሲጎትታቸው በክሪስታሉ አተሞች መካከል ምን ያህል በቀላሉ ይሮጣሉ? ከሦስቱ አንዱ ወደ ዜሮ ከተጠጋ የሌሎቹ ትልቅነት ብዙም አያድንም።

ዕድሜ ከሚታሰበው በላይ ጉልበት አለው። አንድ ኤሌክትሮን ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ለመሄድ ከሚወስድበት ጊዜ አሥር እጥፍ ቢኖር፣ በአንዱ ሽቦ ሲወጣ በሌላው ሽቦ እየተተካ ዙሩን አሥር ጊዜ ያህል ይደግመዋል። በዚህ ምክንያት አንድ ፎቶን ከአንድ ኤሌክትሮን በላይ የሆነ ፍሰት ሊሰጥ ይችላል። ይህ ጥቅም ግን ዋጋ አለው። ረጅም ዕድሜ ያላቸው ቻርጅ ተሸካሚዎች ብርሃኑ ከጠፋም በኋላ ይቆያሉ፤ ክሪስታሉም ወደ ጨለማው ልኬት የሚመለሰው ቀስ እያለ ነው። በጣም የሚሰማ ክሪስታልና በጣም የሚፈጥን ክሪስታል አንድ ላይ አይገኙም።

የእርሳስ ብልጫ

ፔሮቭስካይት በመጀመሪያ የአንድ ማዕድን ስም ነበር። ጀርመናዊው ጉስታፍ ሮዘ በ1839 ከኡራል ተራሮች የመጣለትን የካልሲየም፣ የታይታኒየምና የኦክስጅን ማዕድን መርምሮ በሩሲያዊው ባለሥልጣን በሌቭ ፔሮቭስኪ ስም ሰየመው። ስሙ በኋላ ለማዕድኑ ብቻ ሳይሆን ለአተሞቹ አደራደር ሆነ። አንድ ብረት በመካከል ሆኖ ስድስት አተሞች ከላይና ከታች፣ ከፊትና ከኋላ፣ ከግራና ከቀኝ ይከቡታል፤ ስምንት ገጽ ያለው ይህ ቅርጽ ከብጤዎቹ ጋር በጫፍ በጫፉ እየተያያዘ ይደረደራል፤ በመካከላቸው በሚቀረው ሰፊ ክፍተትም ሌላ ትልቅ አዮን ይቀመጣል። ይህን አደራደር የሚከተሉ ውሁዶች እጅግ ብዙ ናቸው። የእኛ ጉዳይ መካከለኛው ብረት እርሳስ ሆኖ ከባቢዎቹ ክሎሪን፣ ብሮሚን ወይም አዮዲን የሆኑበት ቤተሰብ ነው።

ይህ ቤተሰብ ብርሃን ሲነካው ኤሌክትሪክ እንደሚያስተላልፍ አዲስ ግኝት አይደለም። ክርስቲያን ሞለር የተባለ የዴንማርክ ተመራማሪ የሲዚየም እርሳስ ሃላይዶችን መዋቅርና ፎቶኮንዳክቲቪቲ በ1958 አሳውቆ ነበር። ዲተር ቬበር በ1978 በሲዚየም ቦታ ሜቲልአሞኒየም የተባለውን ኦርጋኒክ አዮን አስገባ። ነገሩ ግን እስከ 2009 ድረስ ጥቂቶች ብቻ የሚያውቁት ሆኖ ቆየ። በዚያ ዓመት በጃፓን የጹቶሙ ሚያሳካ ቡድን ከዚህ ቁስ 3.8 በመቶ የፀሐይ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ሴል ሠራ። በ2012 ቁጥሩ ወደ 10 በመቶ ደረሰ፤ ዛሬ በቤተ ሙከራ ከ26 በመቶ በላይ ነው። ሲሊኮን እዚህ ለመድረስ አሥርተ ዓመታት ፈጅቶበታል።

ምስጢሩ ሦስቱ ቁጥሮች በአንድ ቁስ ላይ መገጣጠማቸው ነው። የእርሳስ አዮዳይድ ፔሮቭስካይት ክፍተት 1.6 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ስለሆነ፣ ከፀጉር በብዙ እጥፍ የሚቀጥን ንብርብር የሚታየውን ብርሃን አብዛኛውን ይውጣል። በ2013 የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች አዮዲንና ክሎሪን በተቀላቀሉበት ዓይነት ውስጥ ቻርጅ ተሸካሚዎቹ ሳይጠፉ ከአንድ ማይክሮሜትር በላይ እንደሚጓዙ አሳዩ። ይህ ከንብርብሩ ውፍረት ይበልጣል። የተወለደው ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ከመሞቱ በፊት ዳር ይደርሳል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው እነዚህ ክሪስታሎች ጨው ከሟሟበት ፈሳሽ፣ በዝቅተኛ ሙቀት፣ ያለ ታላቅ ጥንቃቄ የሚሠሩ መሆናቸው ነው። በዚህ መንገድ የተሠራ ሲሊኮን ጉድለት ስለሚበዛበት ለምንም አይሆንም ነበር። የጎደለ አተም በአብዛኞቹ ሴሚኮንዳክተሮች ውስጥ በኃይል ክፍተቱ መካከል ወጥመድ ይፈጥራል፤ ኤሌክትሮኑም ክፍት ቦታውም እዚያ ተይዘው ይጠፋፋሉ። እርሳስ ግን በውጨኛው ሽፋኑ ለኬሚካዊ ትስስር ያልሰጣቸው ሁለት ኤሌክትሮኖች አሉት። እነዚህ ከአዮዲን ኤሌክትሮኖች ጋር እየተጋፉ የታችኛውን እርከን ጫፍ ወደ ላይ ይገፉታል። በዚህ የተነሳ ጉድለቶቹ የሚፈጥሩት የኃይል ደረጃ በአብዛኛው ከእርከኖቹ ዳር ይውላል እንጂ መካከል ላይ አይቆምም። ጉድለቱ አለ፤ ወጥመዱ ግን ጥልቀት የለውም።

እርሳስን የመተው ጉዳይ

እርሳስ በትንሹም ቢሆን የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያመጣ መጠን እንደማይታወቅ ይናገራል። የእርሳስ ፔሮቭስካይት ደግሞ ከውሃ ጋር አይስማማም። ፓነሉ ተሰብሮ ዝናብ ቢገባበት ይፈርስና ሊሟሟ የሚችል የእርሳስ ጨው ይተዋል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ በኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ውስጥ በአንድ ዓይነት ቁስ ከ0.1 በመቶ በላይ እርሳስ እንዳይኖር ይከለክላል፤ የፀሐይ ፓነሎች ከዚህ ነፃ ቢደረጉም ሌሎች መሣሪያዎችን ግን ያገኛቸዋል።

በሌላ በኩል መጠኑን ማየት ተገቢ ነው። ግማሽ ማይክሮሜትር ውፍረት ባለው የፔሮቭስካይት ንብርብር ውስጥ ያለው እርሳስ በካሬ ሜትር ከአንድ ግራም አይበልጥም፤ አንድ የመኪና ባትሪ ግን በኪሎዎች የሚቆጠር እርሳስ ይይዛል። ስለዚህ ጥሩ ማሸጊያና ተመላሽ አሰባሰብ ካለ እርሳሱን መተው የግድ አይደለም የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ሆኖም ለልጆች መጫወቻ፣ በሰውነት ላይ ለሚለበስ መሣሪያ ወይም የትም ለሚጣል ርካሽ ብርሃን ለኪ ይህ ክርክር አይረዳም። ሌላ ብረት ከተፈለገ ደግሞ ጥያቄው የእርሳስን ሦስት ቁጥሮች የሚተካው የትኛው ነው የሚለው ይሆናል።

ቲን፦ በጨለማም የማያርፍ

የመጀመሪያው እጩ ቲን ነው፤ የስልክና የቴሌቪዥን ጠጋኞች ሲበይዱ ከሚያቀልጡት ብረት ዋነኛው ክፍል። በኤለመንቶች ሠንጠረዥ ከእርሳስ በላይ በዚያው ዓምድ ይገኛል፤ እነዚያ ሁለት ነፃ ኤሌክትሮኖችም አሉት። የሲዚየም ቲን አዮዳይድ ክፍተት 1.3 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው። ለፀሐይ ሴል ከእርሳሱም ይሻላል። ቻርጅ ተሸካሚዎቹም ፈጣኖች ናቸው። በወረቀት ላይ አሸናፊ ነው።

ችግሩ ጨለማው ላይ ነው። በ2012 የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስለዚህ ክሪስታል ያወጡት ጥናት ርዕሱ ራሱ ሴሚኮንዳክተር ነው ወይስ ሜታል እያለ ይጠይቅ ነበር፤ ያለ ብርሃን ያን ያህል ያስተላልፋልና። ምክንያቱ የቲን ሁለት ኤሌክትሮኖች ከእርሳሶቹ ይልቅ ልቅ መሆናቸው ነው። የእርሳስ አስኳል 82 ፕሮቶኖች ስላሉት በአቅራቢያው የሚዞሩ ኤሌክትሮኖች ከብርሃን ፍጥነት ግማሽ በሚበልጥ ግስጋሴ ይሄዳሉ፤ በአንስታይን የአንጻራዊነት ሕግ መሠረትም ምሕዋራቸው ይሰበሰባል፤ ውጨኛዎቹ ሁለቱም አብረው ወደ ውስጥ ይሳባሉ። የቲን አስኳል 50 ፕሮቶኖች ብቻ ስላሉት ይህ ውጤት ደካማ ነው። አየር ሲነካው ቲኑ እነዚያን ሁለት ኤሌክትሮኖች ለኦክስጅን ይሰጣል። በክሪስታሉ ውስጥ የቲን አተሞችም በቀላሉ ይጎድላሉ፤ አንድ ቲን በጎደለ ቁጥር በታችኛው እርከን ሁለት ክፍት ቦታዎች ይቀራሉ። ብርሃን ሊያመጣቸው የሚገባ ክፍት ቦታዎች ቀድመው ሞልተዋል።

ይህ ብርሃኑን እንዴት እንደሚውጠው በቁጥር እንየው። ለምሳሌ ያህል፣ የፀሐይ ብርሃን በአንድ ኩቢክ ሴንቲሜትር ክሪስታል ውስጥ አንድ ሺህ ትሪሊዮን ቻርጅ ተሸካሚዎችን ይጨምራል እንበል። ክሪስታሉ በጨለማ አንድ ቢሊዮን ብቻ ከነበረው፣ አስተላላፊነቱ አንድ ሚሊዮን ጊዜ አደገ ማለት ነው። በጨለማ አንድ ሚሊዮን ትሪሊዮን ከነበረው ግን ያው ብርሃን የሚጨምረው ከሺህ አንድ ብቻ ነው። ብርሃኑም ክሪስታሉም ሥራቸውን ሠርተዋል፤ ለውጡ ግን በመሣሪያው ሁካታ ውስጥ ይሰወራል። ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ብርሃን ወደ ላይ ያሻገረው ኤሌክትሮን የሚወድቅበትን ክፍት ቦታ በየአቅጣጫው ስለሚያገኝ ዕድሜው ያጥራል። አንዱ ቁጥር ሲበላሽ ሌላውን ይዞ ይወርዳል።

መድኃኒቱ የቲንን ኤሌክትሮኖች መጠበቅ ነው። ተመራማሪዎች ቲን ፍሎራይድ በትርፍነት ይጨምራሉ፤ ትርፉ ቲን የጎደለውን ቦታ ይሞላል። ሥራውን ኦክስጅን በሌለበት የታሸገ ሣጥን ውስጥ ያካሂዳሉ፤ ሲዚየሙንም በሌሎች አዮኖች ይተካሉ። በ2014 የኦክስፎርድና የኖርዝዌስተርን ቡድኖች እያንዳንዳቸው 6 በመቶ ገደማ የሚለውጡ የቲን ሴሎች አሳዩ። ከዚያ ወዲህ ምርጦቹ ከ15 በመቶ በላይ ደርሰዋል። ይህ እድገት የመጣው ክሪስታሉ ብርሃንን ይበልጥ እንዲውጥ በማድረግ አይደለም፤ ያንን ድሮም ያውቅበት ነበር። በዋናነት የመጣው በጨለማ ጸጥ እንዲል በማድረግ ነው።

ብርና ቢስመዝ፦ ጸጥተኛው ክሪስታል

ሁለተኛው መንገድ ተቃራኒው ነው። ሁለት ቻርጅ ያላቸውን ሁለት የእርሳስ አዮኖች አውጥቶ፣ አንድ ቻርጅ ባለው የብር አዮንና ሦስት ቻርጅ ባለው የቢስመዝ አዮን መተካት ነው። ድምሩ ያው አራት ስለሆነ ክሪስታሉ አይዛባም። ቢስመዝ በሠንጠረዡ ላይ የእርሳስ የቅርብ ጎረቤት ነው፤ ያንኑ የኤሌክትሮን ጥንድ ይዟል፤ መርዛማነቱ ግን ዝቅተኛ በመሆኑ በጨጓራ መድኃኒቶች ውስጥ እንኳ ይገኛል። ሲዚየም፣ ብር፣ ቢስመዝና ብሮሚን የያዘውን ይህን ድርብ ፔሮቭስካይት በ2016 ከስታንፎርድ፣ ከኦሃዮ ስቴትና ከኦክስፎርድ የተነሡ ሦስት ቡድኖች በየፊናቸው አሳወቁ።

አሠራሩ ሰላማዊ ነው። ጨዎቹ በትኩስ ሃይድሮብሮሚክ አሲድ ይሟሟሉ፤ ፈሳሹ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል፤ ስምንት ገጽ ያላቸው ጠቆር ያሉ ቀይ ክሪስታሎችም ይበቅላሉ። አየርና እርጥበት እንደ ቲኑ ወዲያው አያፈርሳቸውም። የጨለማ ሬዚስታንሳቸው እጅግ ከፍተኛ ነው። የስታንፎርዱ ቡድን በነጠላ ክሪስታል ውስጥ የቻርጅ ተሸካሚዎቹን ዕድሜ 660 ናኖሰከንድ ገደማ ሆኖ አገኘው፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ቁስ ረጅም ነው። እንግዲህ ዕድሜው አለ፤ ጸጥታውም አለ።

የጎደለው ፍጥነቱና የብርሃን አዋዋጡ ነው። ክፍተቱ 2 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ በመሆኑ የቀዩን ብርሃን ብዙ ክፍል ያሳልፈዋል። ክፍተቱ ቀጥተኛ ስላልሆነም ኤሌክትሮኑ ለመሻገር ከፎቶኑ በተጨማሪ የክሪስታሉን ንዝረት እገዛ ይፈልጋል፤ ስለዚህ በክፍተቱ ዳር ያለውን ብርሃን በደንብ ለመዋጥ ወፍራም ክሪስታል ያስፈልጋል። ከሁሉ የከፋው ግን ከተወለዱ በኋላ የሚደርስባቸው ነው። በኦክስፎርድ የላውራ ሄርዝ ቡድን በ2021 እንዳሳየው፣ በዚህ ክሪስታል ውስጥ በብርሃን የተፈጠሩ ቻርጅ ተሸካሚዎች መጀመሪያ በነፃነት ይሮጣሉ፤ በአንድ ፒኮሰከንድ ገደማ ውስጥ ግን፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ትሪሊዮንኛ፣ በዙሪያቸው ያሉትን አተሞች አጎብጠው ራሳቸው በሠሩት ጉድባ ውስጥ ይወድቃሉ። ከዚያ በኋላ መንቀሳቀሳቸው ባይቀርም አዝጋሚ ነው። ብሩና ቢስመዙ በየተራ ስለሚደረደሩ አንዱ ቢስመዝ ከሌላው በብር ይለያል፤ የኤሌክትሮኖቹ መንገድ ተቆራርጧል። ረጅሙ ዕድሜያቸውም ከፊሉ የዚህ ውጤት ነው፤ የተያዙ ስለሆኑ አይገናኙም፤ ስለማይገናኙም አይጠፉም።

ለፀሐይ ሴል ይህ መጥፎ ዜና ነው። በ2017 የተሠራው የዚህ ቁስ ሴል 2.4 በመቶ ገደማ ነበር የሚለውጠው፤ በ2022 ሃይድሮጅን ተጨምሮበት 6.4 በመቶ ገደማ ደረሰ። ለሌላ ሥራ ግን ጉድለቱ ወደ ጥቅም ይዞራል። በ2017 በቻይና ዉሃን ከተማ የሚገኘው የኋጆንግ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ይህንኑ ክሪስታል ኤክስሬይ ለመለየት ተጠቀመበት። ኤክስሬይን ለማቆም ከባድ አተም ይፈለጋል፤ ቢስመዝ 83 ፕሮቶኖች ስላሉት ከእርሳስም ይከብዳል። ክሪስታሉ ወፍራም መሆኑ እዚህ ነውር አይደለም። ከሁሉ በላይ፣ ለታካሚ የሚሰጠው ጨረር እንዲያንስ ከተፈለገ መሣሪያው በጨለማ የሚያፈሰው ኤሌክትሪክ እጅግ ትንሽ መሆን አለበት። ቡድኑ በሰከንድ 59.7 ናኖግሬይ የሆነ ጨረርን ለየ፤ ለተለመደው የሕክምና ምርመራ የሚጠቀሰው ደረጃ 5.5 ማይክሮግሬይ ነው፤ ወደ ዘጠና እጥፍ ይበልጣል። ፀሐይ ላይ የተሸነፈው ክሪስታል ለሐኪም ተስፋ ሆነ።

በፍተሻ ጠረጴዛው ላይ

የአንድ ክሪስታል አስተላላፊነት በብርሃን ይህን ያህል ጨመረ የሚል ቁጥር ከመታመኑ በፊት መታለፍ ያለባቸው ወጥመዶች አሉ። ስሚዝ በ1873 የፈራው ሙቀት ዛሬም አለ። ጠንካራ ሌዘር ክሪስታሉን ያሞቃል፤ የሞቀ ሴሚኮንዳክተር ደግሞ ያለ ብርሃንም ይበልጥ ያስተላልፋል። ይህን ለመለየት ተመራማሪዎች የብርሃኑን ቀለም ይለዋውጣሉ። ለውጡ ፎቶኑ ክፍተቱን መሻገር በሚችልበት ሞገድ ላይ በድንገት ከጀመረ የኤሌክትሮን ሥራ ነው። በዚያ ወሰን በሁለቱም በኩል ያለ ልዩነት ከቀጠለ ግን ሙቀት ይጠረጠራል።

ሁለተኛው ፍንጭ ብርሃኑ ሲበረታ የሚታየው ነው። ብርሃኑ በእጥፍ ሲያድግ የኤሌክትሪክ ፍሰቱም በእጥፍ ካደገ፣ ቻርጅ ተሸካሚዎቹ በአንድ በአንድ እየጠፉ ነው፤ ለምሳሌ በቋሚ ወጥመዶች። ፍሰቱ በእጥፍ ሳይሆን በካሬ ሥር ልክ ካደገ፣ ኤሌክትሮንና ክፍት ቦታ እርስ በርስ እየተገናኙ ነው የሚጠፉት። የመስመሩ ዘንበል ብቻ ክሪስታሉ ውስጥ ምን እንደሚሆን ይናገራል። አንዳንዴም ነገሩ ይገለበጣል፦ ብርሃን ሲበራ አስተላላፊነቱ ይቀንሳል። ቢስመዝ በጥቂቱ በተጨመረባቸው የእርሳስ ፔሮቭስካይቶች ላይ ይህ ታይቷል። ብርሃኑ ከወጥመድ የፈታው አንዱ ዓይነት ቻርጅ፣ ቀድሞ ኤሌክትሪኩን ይሸከም የነበረውን ሌላውን ዓይነት እያገኘ ሲያጠፋው እንዲህ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ወጥመድ ለፔሮቭስካይት የተለየ ነው። በእነዚህ ክሪስታሎች ውስጥ ኤሌክትሮን ብቻ አይደለም የሚንቀሳቀሰው፤ አዮኖቹም ይጓዛሉ። በጀርመን የሽቱትጋርት ማክስ ፕላንክ ተቋም ተመራማሪዎች በ2018 እንዳሳዩት፣ በሜቲልአሞኒየም እርሳስ አዮዳይድ ውስጥ ብርሃን የአዮኖቹን አስተላላፊነት ራሱን እስከ መቶ እጥፍ ሊያሳድገው ይችላል። ስለዚህ ብርሃኑ ሲበራ በቅጽበት የሚዘለው ልኬት የኤሌክትሮኖች ሲሆን፣ ከዚያ በሰከንዶችና በደቂቃዎች እያዘገመ የሚወጣው የአዮኖች ወይም የወጥመዶች ሊሆን ይችላል። ሽቦው ከክሪስታሉ ጋር የሚገናኝበት ቦታም የራሱን ነገር ይጨምራል። ይህን ሁሉ ለመሸሽ በኔዘርላንድስ ዴልፍትና በሌሎች ቤተ ሙከራዎች ያሉ ባለሙያዎች ያለ ሽቦ ይለካሉ። ክሪስታሉን በሌዘር ምት መትተው፣ ማይክሮዌቭ ወይም ቴራኸርዝ ሞገድ ያሳልፉበታል። አስተላላፊ የሆነ ነገር ሞገዱን ስለሚውጥ፣ ምን ያህል እንደተዋጠና በስንት ጊዜ እንደቀነሰ ሲታይ ፍጥነትና ዕድሜ በአንድነት ይነበባሉ።

ለምን ሥራ?

እርሳስን የሚተካ አንድ ክሪስታል አልተገኘም። የተገኘው እርሳስ በአንድ ላይ ይዟቸው የነበሩት ነገሮች ሲበተኑ የሚታይ ካርታ ነው። ቲን ብርሃን መዋጡንና ፍጥነቱን ወርሶ የጨለማ ጸጥታውን ተነፈገ፤ ብርና ቢስመዝ ጸጥታውንና ዕድሜውን ወርሰው ፍጥነቱን አጡ። ስለዚህ አዲስ ከእርሳስ ነፃ ክሪስታል ተገኘ የሚል ዜና ሲመጣ፣ ፍሰቱ በብርሃን ስንት እጥፍ አደገ ብሎ ብቻ መጠየቅ አይበቃም። በጨለማ ስንት ነበር? ብርሃኑ ከጠፋ በኋላስ በስንት ጊዜ ተመለሰ? ለየትኛው ሥራ ታስቦ ነው?

ሁለቱ ድክመቶች እኩል አይደሉም። የቲን ችግር ከአየርና ከጎደሉ አተሞች የሚመጣ ስለሆነ በማሸጊያና በጥንቃቄ ሊቀነስ ይችላል፤ ያለፉት ዓመታት እድገትም ይህን ይመሰክራል። የቢስመዙ ዝግመት ግን የመጣው ከቆሻሻ ወይም ከአሠራር ግድፈት አይደለም፤ ብርና ቢስመዝ በተራ ከመደርደራቸው ነው። ክሪስታሉን የቱንም ያህል ብናጠራው ያ አደራደር አብሮት ይኖራል። ለፀሐይ ኃይል ከእርሳስ ውጭ መንገድ የሚፈልግ ሰው ዛሬ ውርርዱን በቲን ላይ ቢያደርግ ምክንያት አለው፤ ጥቂት ጨረር ለሚቆጥር መሣሪያ ግን ጸጥተኛው ቢስመዝ ይሻለዋል።